ዘርዓ ያዕቆብን ተዉትና ወንዙን መርምሩ

ሰለቸኝ። አዳራሽ በተከፈተ፣ ማይክ በተያዘ ቁጥር ያው ዲስኩር፦ አውሮፓ ሳትነቃ እኛ ነቅተን ነበር፤ ካንት በለው፣ ሌላ በለው፣ ሁሉም ከፈላስፋው ከዘርዓ ያዕቆብ በኋላ ነው። ጭብጨባ። ሻይ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ።

እሺ፣ ነቅተን ነበር። ታዲያ ማን መልሶ አስተኛን?

እኔ የአቃቂ ቃሊቲ ሰው ነኝ። የአቃቂ ወንዝ ከከተማው ሲወርድ የፋብሪካ ፍሳሹን፣ የቆዳ ማልፊያ ኬሚካሉን፣ የሽንት ቤት ዝቃጩን ተሸክሞ ይመጣል። በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ጎመኑ ገበያ ይወጣል። እናንተም በልታችሁታል፣ እኔም በልቼዋለሁ። የተረፈው ውሃ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ እንቦጭ ይቀልባል።

አልተጠናም እንዳትሉኝ። ተጠንቷል። ተመራማሪዎች ከአቃቂ አፈርና አትክልት ናሙና ወስደው እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን ለክተዋል። ውጤቱ የት አለ? በእንግሊዝኛ መጽሔት ውስጥ። ጎመኑን የሚያጠጣው ገበሬ መቼ ሊያነበው ነው? ጉሊት ላይ የምትሸጠዋ እናትስ?

አሁን ስለ አውሮፓ እናውራ፣ ካወራን አይቀር። እ.ኤ.አ. በ1674 የዴልፍቱ ጨርቅ ነጋዴ ሊውዌንሁክ ራሱ በሠራው ማጉያ የሐይቅ ውሃ ተመለከተ። ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ሲርመሰመሱ አየ። ዲግሪ የለው፣ ላቲን አያውቅ፤ ግን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ሊቃውንቱ ወዲያው አላመኑትም። «አንተ ጨርቅህን ሽጥ» ብለውም አላባረሩትም። በ1677 ሮበርት ሁክ ሙከራውን ደገመ፣ እሱም አየ። ክርክሩ በዚህ ተፈታ። የአውሮፓ ጉልበት ይኸው ነው፦ ማንም ይናገር፣ ማንም በቃሉ ብቻ አይታመን፣ ተለክቶ ይታይ።

እኛ ጋስ? ስብሰባ ላይ እጅህን አውጣና «የወንዙ የምርመራ ውጤት ለምን አይለጠፍም?» በል። አጀንዳ አስቀያሪ ትባላለህ። ከኋላህ የተቀመጠው ሰው ኮትህን ይጎትታል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ! ይህን እየተረተ ያደገ አንደበት ነው ነገ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ድፍረት የሚያለቅሰው።

ለመሆኑ ዘርዓ ያዕቆብን ማን አሳደደው? «ሐተታ» የተባለውን መጽሐፉን ያነበበ ያውቃል። ለንጉሡ ለሱስንዮስ የከሰሰው ፈረንጅ አልነበረም፤ ያክሱም ካህን ነበር። ሸሽቶ ዋሻ ገባ። በመጽሐፉ የባርነትን ንግድ አወገዘ፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ፣ የእያንዳንዱን ሃይማኖት «እውነቱ የእኔ ብቻ ነው» ባይነት በጥያቄ ፈተነ። ይህን ዛሬ በየሰፈራችሁ ልድገመው? ስንቶቻችሁ አብራችሁኝ ትቆማላችሁ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ይኼ ነው። ተመራማሪው ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920፣ መጽሐፉ የሚሲዮናዊው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ሲል ተከራከረ። ክላውድ ሰምነር ማስረጃ ደርድሮ፣ የለም የዘርዓ ያዕቆብ ነው አለ። ጌታቸው ኃይሌ ሲጠራጠሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሐሳባቸውን ቀይረው ተቀበሉት። ሙግቱ ዛሬም አልተዘጋም። የሊቅ ወግ ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ግን «ማን ጻፈው?» ያለ ሰው ባንዳ ነው! ሁሉን መርምሩ የሚለውን መጽሐፍ መመርመር ክህደት ሆኖ አረፈው። ከዚህ በላይ ግብዝነት ከየት ይመጣል?

ጉራው ደግሞ በነፃ አይደለም። «ለምን?» ብሎ በኩርኩም የተመለሰ ልጅ አድጎ ፋብሪካ ይቆጣጠራል። ቧንቧው የት እንደሚደፋ አይጠይቅም። ቢጠይቅም ቀስ ብሎ ነው፤ ቢመለስለትም ለራሱ ብቻ ይይዘዋል። መርዙ ግን ዝም አይልም። አፈር ውስጥ ይጠራቀማል፣ በቅጠሉ በኩል ሳህናችን ላይ ይወጣል።

ስለዚህ ለዘርዓ ያዕቆብ ሐውልት አትሥሩለት፣ በስሙም አዳራሽ አትሰይሙ። ውሃው በየወሩ ይመርመር። ውጤቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በየወረዳው ደጃፍ ይለጠፍ። ፍሳሽ የሚለቀው ፋብሪካ በስሙ ይጠራ። እናንተም በልባችሁ «ልክ ነው» እያላችሁ የምታነቡ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን አውጡ። ኮታችሁን የሚጎትተውንም ዞር ብላችሁ «ምን ፈርተህ ነው?» በሉት።