ሜዳ ላይ የሚገኝ ሙያ
ሱሉልታ ጠዋት ሯጮች ሲያሟሙቁ ሳይ፣ ዓይኔ የሚያርፈው ዳር ቆሞ የእግራቸውን አጣጣል በሚያጠናው ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም አልቆየም። አንዲት ሯጭ የተረከዟ ጅማት ከእንቅልፏ ስትነሳ እንደሚጠዘጥዛት፣ ሰውነቷ ሲሞቅ ግን እንደሚተዋት ነገረችው። ስንቱን ሯጭ ያታለለው ይኸው መተው ነው! አሽቶ አልሸኛትም፤ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆማ ተረከዟን በዝግታ ከፍ ዝቅ እንድታደርግ አሳያት፣ ሸክሙም ቀስ በቀስ እየጨመረ 12 ሳምንት ያህል እንደሚወስድ አስረዳት። በእኔ እምነት ለዚህ ሙያ ከዲግሪው ቀጥሎ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ጠዋት ነው፤ ሯጭ ሕመሙን የሚናገረው በየቀኑ ለሚያየው ሰው ነውና። ክለቦቻችን ሆይ፣ እንዲህ ያሉ ወጣት ፊዚዮቴራፒስቶችን ለመቅጠር ጉዳት እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ልምምድ ሲጀመር ቅጠሯቸው።