ሥራውን አመስግኖ ሠሪውን መናቅ

በየዓመቱ ብዙ ተማሪዎች የአገራቸውን የእጅ ጥበብ መርምረው እንዲጽፉ ይታዘዛሉ፤ የቤቱን አሠራር፥ የዕቃውን ቅርጽ፥ የገበያውንም ነገር እየጠየቁ ወደ አባትና እናታቸው ይመጣሉ። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ልጁ ሊጽፍ ሲቀመጥ ከመምህሩ ቃል ይልቅ በቤቱ የሰማው ቃል ብዕሩን ይመራዋልና፤ ዛሬ የምንናገረው ለወላጆች ነው።

ለእንደዚህ ያለው ምርመራ ከእምድብር አካባቢ የበለጠ ስፍራ ብዙ አይገኝም። በቸሃ ጉራጌ አገር መንደሩ ጀፎረ በሚባል ሰፊ የሣር መንገድ ግራና ቀኝ ይሠራል፤ ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ጀፎረው መልሰው በሥርዓት ይቆማሉ፤ እንሰቱም ከየቤቱ ጓሮ ይተከላል። ጀፎረው የመላው መንደር ስለ ሆነ ልቅሶውም ሠርጉም የልጆች ጨዋታውም በእርሱ ላይ ነው። ቤቱ ክብ ነው፤ በመካከሉ ወፍራም ምሰሶ ይቆማል፤ ከምሰሶውም እንደ ጃንጥላ ዘንግ የተዘረጉ እንጨቶች ጣሪያውን ይሸከማሉ። ተማሪው ይህን ለክቶ ሥዕሉን ነድፎ አድንቆ ይመለሳል።

ምሰሶውን የቈረጠውና ያቆመው ማን ነው ብሎ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በጉራጌ አገር ይህን ሥራ ሲሠሩ የኖሩት እንጨት ጠራቢዎች፥ ከብረት ሠሪውና ከቆዳ ፋቂው ጋራ ተለይተው፤ መሬት እንዳይዙ ተከልክለው፤ በጋብቻም እንዳይቀላቀሉ ተደርገው ኖረዋል። የተጠሩበት ስም ራሱ ስድብ ሆኖ ስለ ቆየ እኛ አንደግመውም። ዊልያም ሻክ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በቸሃ ተቀምጠው አጥንተው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ስለ ጉራጌ ሕዝብና ስለ እንሰት ባሕል መጽሐፍ ሲያሳትሙ፤ ከዚያ በፊት በ1964 ስለነዚሁ ባለ እጆች ለብቻው ጽፈዋል። እንግዲህ የውጭ አገር ሰው ቤቱንም ሠሪውንም ካየ፤ የአገሩ ልጅ ቤቱን ብቻ አይቶ ቢመለስ አያሳፍርምን?

በንግድም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ክትፎ ቤቶች እንግዳው ሲቀመጥ ክትፎው በሸክላ ጣባ ይቀርብለታል፤ የቀንድ ማንኪያም ይሰጠዋል፤ ግድግዳውም የጉራጌን ቤት እንዲመስል ይደረጋል። ነጋዴው ይህን ማድረጉ ብልህነት ነው፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ለወጉም ጭምር ነውና። ነገር ግን ጣባውን ያበጀችው ሴት በተመሰገነችበት ሥራ ምክንያት ልጅዋ ለጋብቻ ስትታጭ ዘሯ የሚጠየቅ ከሆነ፤ ያ ምስጋና ምን ጠቀማት?

ነቀፌታ አይኑር ማለታችን ግን አይደለም። ያልተተቸ ሥራ አይሻሻልም። በገበያ ቆጮ የምትገዛ ሴት ቃጫው በደንብ አልወጣም፥ ገና አልበሰለም፥ ብላ በጣቷ ዳስሳ፥ አሽትታ ትነቅፋለች፤ ሻጪቱም ለሚቀጥለው ገበያ ታርማ ታመጣለች። ይህ ነቀፌታ ሥራውን ያቀናል። የሠሪውን ዘር ማንሣት ግን ሥራውን አያቀናም፤ ሠሪው ልጁን ሙያውን እንዳያስተምር ያደርገዋል እንጂ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ይህን ክፉ ልማድ እንዲተው በአዋጅ ያዘዙት ይህን ተመልክተው ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከየቤቱ ጨርሶ አልወጣም።

ተማሪ በቅን ልብ ከሠራ ምን ሊያፈራ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ አለን። የጉራጌ ተወላጅ የሆኑት አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በአሜሪካ ሲማሩ የመንደርን ኑሮ የሚተርክ መጽሐፍ በቸሃ ቋንቋ ጻፉ፤ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላውም ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ታተመ። የሺንጋ መንደር የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ያልተጻፈበትን ቋንቋ ሳይንቁ የመንደሩን ነገር በመንደሩ አንደበት መናገራቸው ሥራውን አስከበረው።

ስለዚህ፤ ክቡራን ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ለምርመራ ወደ መንደር ሲሄድ ሦስት ነገር ምከሩት። አንደኛ፤ ዕቃውን ከመለካቱ በፊት ለሠሪው እጅ ይንሣ፤ ሠሪው ከፈቀደም ስሙን ይጻፍ። ሁለተኛ፤ የጻፈውን ተመልሶ ለሠሪው ያንብብለት፤ ስሕተቱንም ከእርሱ ይቀበል፤ ሥራውን አጥርቶ የሚያውቀው ባለሙያው ነውና። ሦስተኛ፤ ሥራው ጕድለት ቢኖረው ጕድለቱን ይጻፍ፤ የሰውየውን ትውልድ ግን አያንሣ።

ለራሳችን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምራለን። ልጃችን እየሰማ ጐረቤታችንን በእጁ ሥራ ሰድበን፤ ማታ በዚያው ሰው ምሰሶ ሥር ተጠልለን ብናድር፤ ልጁ ነገ ምን ይጽፍ ዘንድ እንጠብቃለን? ቤቱ የቆመው በዚያ ሰው እጅ ነውና፤ ከቤታችን የሚወጣው ቃል አስቀድሞ ይታረም።