ሽማግሌው ውሻችን ሰንፎ ነው ወይስ አሞት?

ባለፈው ሳምንት ስለ እኛ ስለ አዛውንቶቹ የጉልበት ሕመም አውግተን ነበር። ዛሬ ደግሞ በር ላይ ተኝቶ ስለሚጠብቀን ሽማግሌ ውሻ ላንሳ። እኔ በነርስነት ያገለገልኩት ሰውን ነው፤ ሕክምናውን ለእንስሳት ሐኪም እተዋለሁ። ማስተዋሉ ግን የቤተሰቡ ሥራ ነው።

ውሻ መገጣጠሚያውን ሲያመው ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል እንጂ። በር ሲንኳኳ ይሮጥ የነበረው ተኝቶ መጮኽ ይጀምራል። ጠዋት ሲነሣ እግሩ ደርቆ ያነክሳል፤ ጥቂት ሲራመድ ይፍታታል። ደረጃ ሥር ቆሞ ያመነታል፤ ሴራሚክ ላይ የኋላ እግሮቹ ይንሸራተታሉ። አንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሞ ይልሳል፤ የታፋው ሥጋ ይቀንሳል። በብርድና በክረምት ይብስበታል። እኛ ግን «አርጅቷል» ብለን እናልፈዋለን።

ይህ የልጅ ልጆች ላሉን ሰዎች ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለዓመታት ልጆች ሲጋልቡት ዝም ያለ ውሻ፣ የታመመ ዳሌውን ሲነኩበት ሊናከስ ይችላል። ስለዚህ ልጆቹ ጀርባው ላይ እንዳይወጡ፣ ተኝቶ ሳለም እንዳይነካኩት አስተምሯቸው።

አንድ ነገር ለዩልኝ። የእርጅና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚመጣው ቀስ በቀስ፣ በወራት ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ እግሩ ከሰነፈ፣ ለሀጩ ከተዝረበረበ፣ ድምፁ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ፣ መዋጥም ካቃተው የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አትንኩት፤ አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብላችሁም እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የዚህ በሽታ ምልክት በሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው።

የእናንተን ማስታገሻም አትስጡት። ፓራሲታሞል ጉበቱንና ቀይ የደም ሴሎቹን ይጎዳል፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራውን ሊያደሙ፣ ኩላሊቱን ሊያበላሹ ይችላሉ። ለውሻ የተሠራ መድኃኒት አለ፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ቤት ውስጥ የምንችለው ግን ብዙ ነው። ከሲሚንቶ ላይ አንሥታችሁ ወፍራም ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉለት። ከወፈረ ትራፊውን ቀንሱለት፤ እያንዳንዱ ኪሎ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፍ ሸክም ነው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት አትሰሩት፤ በየቀኑ ጥቂት በዝግታ ይራመድ።

ነገ ጠዋት ከመኝታው ሲነሣና የመጀመሪያ እርምጃዎቹን ሲራመድ በስልካችሁ ቅረጹት። ክሊኒክ ሲደርስ ደንግጦ ሕመሙን ሊደብቅ ስለሚችል፣ ቪዲዮው ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።