በርክክብ ዕለት የማይታየው ጉድለት፦ የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ተከላ ሥራ ጥራት በይፋት ቆላ

ከአንኮበር ከፍታ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ የምትገኘው አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት የሸዋ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከባሕር ጠረፍና ከሐረር አቅጣጫ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከደጋው ገበያተኛ ጋር ይገናኙባት ነበር። በዘመኑ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይመዘናል፤ የተሰበረ እንደሆነም ዋጋው ይወርዳል። ገዥና ሻጭ በዕቃው ጥራት ላይ እዚያው ተስማምተው ይለያዩ ነበር።

ዛሬ በይፋት ቆላ ከሚሸመቱት አገልግሎቶች መካከል በዚህ መንገድ ሊመዘኑ የማይችሉ አሉ። የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ)፣ የመድኃኒትና የምግብ ማቀዝቀዣ እንዲሁም የውኃ ማሞቂያ (ቦይለር) ተከላ ከእነዚህ ውስጥ ይጠቀሳል። ማሽኑ በተተከለበት ዕለት ቀዝቃዛ አየር ይሰጣል፤ ባለቤቱም ተደስቶ ክፍያ ይፈጽማል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ቅዝቃዜው ይደክማል፣ ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል፣ የኤሌክትሪክ ክፍያው ያድጋል። በአብዛኛው የሚወቀሰው የማሽኑ ስሪት ነው። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ብልሽቶች ምንጭ በተከላው ዕለት የተዘለለና በዓይን የማይታይ ሥራ ነው። ይህ ትንታኔ የጉድለቱን መነሻዎችና አገልግሎት ፈላጊው ሊወስዳቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎችን ይመለከታል።

ያለ ስሌት የሚመረጥ ማሽን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ልዩነት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ዞን ውስጥ የሚገኙ ሁለት ከተሞች ፍጹም የተለያየ ፍላጎት አላቸው። በአንደኛው ጥያቄው ክፍልን ማቀዝቀዝ ሲሆን በሌላኛው ውኃንና ቤትን ማሞቅ ነው።

የአየር ማቀዝቀዣ አቅም በገበያው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በቢቲዩ ነው፤ 12,000 ቢቲዩ በሰዓት ከ3.5 ኪሎ ዋት የማቀዝቀዝ አቅም ጋር እኩል ነው። ገዥው የክፍሉን ስፋት ብቻ ይናገራል፤ ሻጩም በዚያው ልክ ማሽን ይሰጣል። ይሁን እንጂ ክፍሉን የሚያሞቀው ስፋቱ ብቻ አይደለም። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው የምዕራብ መስኮት፣ በክፍሉ ውስጥ የሚሰበሰበው ሰው ቁጥርና የሚሠሩት መሣሪያዎች ሁሉ ጭነቱን ይጨምራሉ። በደብረ ብርሃን ያለ የስብሰባ ክፍልና በሸዋ ሮቢት ያለ ተመሳሳይ ክፍል በአንድ መለኪያ ሊታዩ አይችሉም።

ከፍታም የራሱ ተጽዕኖ አለው። በ1,300 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው በተመሳሳይ ሙቀት ሲነጻጸር አንድ ሰባተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው አየር ክብደት ይቀንሳል፤ ማሽኑም ሙቀትን የማስወገድ አቅሙ በዚያው መጠን ይነካል። አቅሙ ያነሰ ማሽን ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ከልክ በላይ የተለቀ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እየጠፋና እየበራ ራሱን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃ 11ኛ ክፍል የሕንፃዎችን አየር ማናፈሻና ማቀዝቀዣ ንድፍ የሚመለከት መሆኑ ሥራው በግምት የሚከናወን እንዳልሆነ ያመለክታል።

ከማሽኑ በፊት መታየት ያለበት ደግሞ ሕንፃው ነው። ወፍራም ግድግዳና የሣር ክዳን ያላቸው የቀድሞ ቤቶች የቀኑን ሙቀት ያዘገዩ ነበር፤ ቆርቆሮ ይህን አያደርግም። ኮርኒስ ማሠራት፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር እንዲዘዋወር ማድረግ እንዲሁም መስኮትን ማጥላት የሚገዛውን ማሽን መጠን ይቀንሳል።

«ጋዝ አለቀ» የሚባለው ጉዳይ

በተጠቃሚው ዘንድ በስፋት ከሚታዩት የተሳሳቱ ግንዛቤዎች አንዱ ማቀዝቀዣ እንደ መኪና በየጊዜው ጋዝ የሚሞላለት መሣሪያ ነው የሚለው ነው። እውነታው ግን የማቀዝቀዣ ጋዝ በዝግ ቱቦ ውስጥ የሚዘዋወር እንጂ ተቃጥሎ የሚያልቅ አለመሆኑ ነው። ጋዙ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። የሚያፈሰው ቦታ ሳይገኝና ሳይጠገን በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላ ተጠቃሚ ለአንድ ጉድለት ደጋግሞ ይከፍላል።

የጉድለቱ ሥር በተከላው ዕለት ይጀምራል። የውስጡንና የውጭውን ክፍል የሚያገናኙት የመዳብ ቱቦዎች ከተገጠሙ በኋላ በናይትሮጅን ግፊት ተፈትነው አለማፍሰሳቸው መረጋገጥ ይኖርበታል። ቀጥሎም በቫክዩም ፓምፕ አማካይነት በቱቦው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት ይወጣል። ይህ ሥራ መሣሪያ፣ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። ፓምፕ የሌለው ወይም የቸኮለ ሠራተኛ ግን ጥቂት ጋዝ ለቅቆ አየሩን በመግፋት ሥራውን ያጠናቅቃል። ማሽኑ በዚያ ዕለት ያለ ችግር ይሠራል፤ በቱቦው ውስጥ የቀረው እርጥበት ግን ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ አሲድ ይፈጥራል፤ ኮምፕረሰሩንም ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል።

የሥራው ዋጋ የሚወሰነውም በሚታየው ነገር ነው። አንዱ ቫክዩም የሚያደርግ፣ ሌላው የማያደርግ ሁለት ሠራተኞች ዋጋ ቢያቀርቡ፣ ልዩነቱን የማያውቅ ደንበኛ ርካሹን ይመርጣል። ውድድሩ በዚህ መልኩ ሲቀጥል ጥንቁቁ ባለሙያ ከገበያው የሚወጣበት ወይም እርሱም ሥራውን የሚያሳጥርበት ሁኔታ ይፈጠራል። ስለሆነም ችግሩን የሠራተኛው የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ አድርጎ መመልከት በቂ አይሆንም።

የሚለዋወጠው ቴክኖሎጂ

የሙያው ይዘት ራሱም በፍጥነት እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት የኦዞን ንጣፍን የሚጎዱ ጋዞች ከገበያ በመውጣት ላይ ናቸው። ለረጅም ዘመን ያገለገለው አር-22 ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የጸደቀው ማሻሻያ ደግሞ ከፍተኛ የማሞቅ ኃይል ያላቸውን ተተኪ ጋዞች ጭምር ይመለከታል፤ ኢትዮጵያም ማሻሻያውን ተቀብላ አጽድቃለች።

ይህ ለተከላ ሠራተኛው ቀጥተኛ ትርጉም አለው። አር-410ኤ የተባለው ጋዝ ከአር-22 በ60 በመቶ ገደማ በሚበልጥ ግፊት ስለሚሠራ የቀድሞው መለኪያና ቱቦ አይበቃውም። አር-32 በመጠኑ፣ በቤት ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የሚገኘው አር-600ኤ ደግሞ በከፍተኛ ደረጃ ተቀጣጣይ ነው። አንዱን ጋዝ በሌላው መተካት ወይም ተቀጣጣይ ጋዝ ያለበትን ቱቦ ሳያጸዱ መበየድ ከጥራት ጉድለት አልፎ የሕይወት አደጋ ያስከትላል። ከዓመታት በፊት በልምድ የተማረ ባለሙያ ተጨማሪ ሥልጠና ካላገኘ ዕውቀቱ ከማሽኑ ወደ ኋላ ይቀራል።

ኤሌክትሪክና የውኃ ማሞቂያ

ሁለተኛው የጉድለት ምንጭ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ኤሲ ወይም ቦይለር የራሱ የሆነ ተስማሚ ውፍረት ያለው ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ከመብራት መስመር ወይም ከተራ ሶኬት ላይ ማስቀጠል ሽቦው እንዲግልና ኃይሉ እንዲዋዥቅ ያደርጋል። መብራት ጠፍቶ በሚመለስበት ቅጽበት ኮምፕረሰሩ ወዲያው መነሳቱም ጉዳት ያስከትላል፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ መቆጣጠሪያ ያለው ስታቢላይዘር መግጠም ይመከራል።

በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ደጋ በስፋት የሚፈለገው ቦይለር ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የመሬት ሽቦ የሌለው ቦይለር የሚታጠበውን ሰው ለኤሌክትሪክ አደጋ ያጋልጣል። ውኃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ሴፍቲ ቫልቩ አልፎ አልፎ ጠብታ መልቀቁ የተለመደ ነው፤ ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ መድፈን ግን ታንኩን ወደ ፍንዳታ ሊመራ ይችላል። ታንኩ በውኃ ሳይሞላ ማብራትም ማሞቂያውን ያቃጥለዋል።

ጉዳቱ ከኪስ ሲያልፍ

በጤና ተቋም ውስጥ የተከላ ጉድለት ዋጋው በብር ብቻ አይለካም። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቀመጥ አለባቸው፤ ከእነዚህም ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከለውን ጨምሮ በርካቶቹ በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉ። የተበላሸ ክትባት በመልኩ ብቻ ሁልጊዜ አይለይም። በቆላው ሙቀት ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የቆመ ማቀዝቀዣ ወይም የዛፍ ጥላ ያረፈበት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ በዝምታ የአንድን ቀበሌ ሕፃናት ክትባት ዋጋ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ የእነዚህ መሣሪያዎች ርክክብ ተከታታይ የሙቀት መጠን ምዝገባን መሠረት ማድረግ ይኖርበታል።

ሕጉና የጊዜው ክፍተት

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንደተደነገገው፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘም በተመሳሳይ ጊዜ ውስጥ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ እንዲደገምለት ወይም ክፍያው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው። ለዚህም ደረሰኝና ማስረጃ ያስፈልጋል።

የተከላ ጉድለት ግን ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከ15 ቀናት ሳይሆን ከወራት በኋላ ነው። ባለሙያው ከሩቅ ከተማ መጥቶ የተመለሰ ከሆነ ደግሞ መልሶ ማግኘቱ ራሱ አስቸጋሪ ነው። አዋጁ ለሸማቹ የተሻለ ጥቅም የሚሰጥን የዋስትና ወይም የውል ግዴታ የማይነካ በመሆኑ፣ ይህን ክፍተት መሙላት የሚቻለው በጽሑፍ በሚደረግ ውል ነው።

በልኬት መረካከብ

በመሆኑም አገልግሎት ፈላጊዎች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ ይመከራል።

አንደኛ፣ ሥራውን ከመስጠት በፊት የባለሙያውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ መጠየቅ፤ ማረጋገጫው የተሰጠበት የሙያ ዘርፍ ከሚሠራው ሥራ ጋር መዛመዱን ማየት። በአማራ ክልል ጉዳዩን በተመለከተ የሥራና ሥልጠና መዋቅርን መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የማሽኑን ዓይነት፣ የጋዙን ስም፣ የግፊት ፈተናንና ቫክዩምን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ሁኔታ እንዲሁም ቢያንስ አንድ የሙቀት ወቅት የሚሸፍን የሥራ ዋስትናን በውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር።

ሦስተኛ፣ ቫክዩም ፓምፑና የግፊት መለኪያው ሥራ ላይ ሲውሉ በቦታው ተገኝቶ ማየት። ፓምፑ ከጠፋ በኋላ የመለኪያው ንባብ ባለበት መቆየት ይኖርበታል፤ ከፍ ማለቱን ከቀጠለ የሚያፈስ ቦታ ወይም የቀረ እርጥበት አለ።

አራተኛ፣ ኤሲው ለ20 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ወደ ማሽኑ የሚገባውንና ከማሽኑ የሚወጣውን አየር ሙቀት በቴርሞሜትር ለክቶ መመዝገብ። በአብዛኛው ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሊሆን ይገባል። ከቦይለር ጋር በተያያዘ ደግሞ የመሬት ሽቦውና ሴፍቲ ቫልቩ መኖራቸውን ማረጋገጥ።

አምስተኛ፣ ደረሰኝ መቀበልና የመጨረሻውን ክፍያ ልኬቱ ተመዝግቦ በሁለቱም ወገን ከተፈረመ በኋላ መፈጸም። ቅሬታ ሲኖር በአቅራቢያ ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት በጊዜው ማቅረብ።

የመንግሥት ተቋማትም በግዥ ሰነዶቻቸው ውስጥ ከማሽኑ መግለጫ ጎን የተከላና የርክክብ ልኬትን ማካተት ይጠበቅባቸዋል። ማሽንን ብቻ በዝቅተኛ ዋጋ አወዳድሮ ተከላን እንደ ጭማሪ የሚቆጥር ግዥ ጉድለቱን አስቀድሞ እንደመግዛት ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ተቋማት በበኩላቸው ሠልጣኞች በተግባር ልምምዳቸው ቫክዩም ማድረግን፣ የማፍሰስ ፈተናንና የአዳዲስ ጋዞችን አያያዝ በእጃቸው ደጋግመው እንዲሠሩ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

በአሊዩ አምባ ገበያ አሞሌ የጨበጠ ሰው የሚቀበለውን ያውቅ ነበር። የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ተከላም ዋጋው ተመዝኖ እንዲከፈል ከተፈለገ የሚመዘንበት መሣሪያ በርክክቡ ዕለት በቦታው መገኘት አለበት። ደንበኛው ልኬት በጠየቀ ቁጥር ጥንቁቁ ባለሙያ ይጠቀማል፤ በይፋት ቆላ የሚተከለው ማሽንም ከአንድ የሙቀት ወቅት አልፎ ለዓመታት ያገለግላል።