ውሃ አስቀምጦ መተው ምክር አይደለም

ውሻ ማለክለኩ ተፈጥሮው ስለሆነ ውሃ አስቀምጦ መተው ይበቃል የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ግማሹ እውነት ነው፤ ውሻ እንደ ሰው ገላው ሁሉ ስለማያልበው ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ጸሐፊው የዘለሉት ግን አደገኛውን ግማሽ ነው። ሮጦ የመጣ ውሻ ጥላ ሥር አረፍ ሲል ትንፋሹ ይመለሳል። በቀዝቃዛ ሌሊት ተኝቶ የሚያለከልከውስ? ሕመም እያሠቃየው፣ ልቡ ወይም ሳንባው ታውኮ ሊሆን ይችላል። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን እዩ፦ ከገረጣ፣ ወደ ሰማያዊ ካደላ ወይም እንደ ጡብ ከቀላ ጊዜ የለም። ፀሐይ መትቶት ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰው፣ ገላውን በቀዝቃዛ ውሃ እያራሳችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። አፍንጫው ድፍጥጥ ከሆነማ ይብሳል። እስከ ነገ ጠብቁ የሚላችሁን አትስሙ።