ጥድፊያ ምርመራ አይደለም

«ሽብር ሲደርስ መንግሥት በማስረጃ ደንብ እጁን ማሰር የለበትም፤ የጠረጠረውን ይዞ ያናዝዝ፣ ሕዝቡም ዝም ይበል» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤ ተቆጣሁ። ምክሩ ከሁሉ በፊት የሚበድለው ሐዘንተኛውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝ በርሚንግሃም በሁለት መጠጥ ቤቶች ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሞቱ። ፖሊስ ወዲያው ስድስት ሰዎች ያዘ። አራቱ የእምነት ቃል ፈረሙ፤ ተደብድበን ነው ቢሉ ሰሚ አላገኙም። ፈንጂ ነክተዋል ያሰኘው የእጅ ምርመራም ሌላ ነገር በነካ እጅ ላይ ያንኑ ውጤት ሊሰጥ የሚችል ነበር። ተፈርዶባቸው 16 ዓመት ከታሰሩ በኋላ በ1991 ፍርዱ ተሻረ። ለግድያው ዛሬም በሕግ የተቀጣ ሰው የለም። ጥድፊያው የጠቀመው ገዳዮቹን ብቻ ነው።

«ሕዝቡ ዝም ይበል» ለሚለው የስፔኗ ማድሪድ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 በባቡሮች ላይ ቦምብ ሲፈነዳ፣ ምርጫ ሦስት ቀን የቀረው መንግሥት የባስክ ታጣቂ ቡድን የሆነውን ኢታን ወነጀለ። መርማሪዎች ግን ቦምቡ ካልፈነዳ ቦርሳ ያገኙትን ስልክ ተከትለው በሁለት ቀን ሌሎች ተጠርጣሪዎችን ያዙ። ያፈጠናቸው ማስረጃው ነው፤ ሕዝቡ ዝም ብሎ የመንግሥትን ቃል ቢቀበል ኖሮ የሚያምነው ስሕተቱን ነበር።

ስለዚህ ባለሥልጣናት ከማስረጃው ቀድመው ጥፋተኛ አይሰይሙ፤ ተጠርጣሪው ጠበቃ ያግኝ፤ የምርመራውንም ጉድለት ገለልተኛ አካል ይመርምር።