በፈተና ሰሞን የታመመ ተማሪ ምን ያድርግ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በቅርብ ዓመታት የሚሰጠው ሰኔ ሲገባደድና ሐምሌ ሲጠባ፣ ክረምቱ በገባበት ሰሞን ነው። በዚህ ወቅት የወላጅ ጭንቀት የጥናት ብቻ አይደለም። “ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ፈተና ላይ ቢነሳበትስ?”፣ “ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፤ ምጥ ቢመጣባትስ?” የሚል ስጋት አለ። ከዚህ ተነስተው “ሐኪም ‘መፈተን አይችልም’ ብሎ ቢጽፍለት ልጁ ከፈተና ነፃ ይሆናል ወይ?” ብለው የሚጠይቁም አሉ።

ጥያቄው ከባድ የሆነው ፈተናው የሚሰጥበት መንገድ ስለተለወጠ ነው። የፈተና ስርቆትን ለመከላከል የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ። ተማሪዎችም ቀናትን በግቢ አደሩ። በጮቄ ተራራ አካባቢ ካለችው የስናን ወረዳዋ ሮብ ገበያ ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርድን ተማሪ አስቡ። ክኒኑን ማታ ማታ የምታስታውሰው እናቱ አብራው የለችም። ስልክ መያዝ ክልክል ነው። እንቅልፉ፣ ምግቡና የመድኃኒት ሰዓቱ ሁሉ ይዛባል። ደህና የነበረ ሕመም የሚቀሰቀሰውም ያኔ ነው።

በሌላ በኩል የፈተናው በር ጠባብ ነው። በ2017 ዓ.ም ከተፈተኑት 585 ሺህ 882 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48 ሺህ 929፣ ማለትም 8 ነጥብ 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያልተፈተነ ተማሪ ደግሞ ውጤት የለውም። ስለዚህ ለታመመ ተማሪ “ነፃ መሆን” ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ከቤት መቅረት ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ከፈተና ነፃ ማድረግ፣ ሁለተኛው ሁኔታዎችን ማመቻቸት፣ ሦስተኛው ሌላ ጊዜ መስጠት ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሚታየው ማየት በተሳናቸው ተማሪዎች ዘንድ ነው። እነርሱ ሒሳብ ስለማይፈተኑ የሌሎቹ ውጤት ከ600 ሲታሰብ የእነርሱ ከ500 ይታሰባል። ይህ ሸክም ያቃልላል፤ ሆኖም ሒሳብ የሚጠይቁ የትምህርት መስኮችን ያርቃል። ነፃ መሆን ዋጋ አለው የምንለው ለዚህ ነው።

በሌላው ዓለምም ጉዳዩ ያከራክራል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014 በጽኑ የታመመ የ11 ዓመት ልጅ መፈተን አለመቻሉን በማስረጃ እንድታረጋግጥ እናቱ ተጠይቃ ነበር። ልጁ በዚያው ሰሞን አረፈ፤ ነገሩም ብዙዎችን አስቆጣ። በእንግሊዝ ደግሞ ከጠቅላላው ምዘና ቢያንስ ሩቡን ያጠናቀቀ ተማሪ አንዱ ፈተና በሕመም ቢያመልጠው፣ በተፈተነው ላይ ተመሥርቶ ውጤት ሊሰጠው ይችላል።

በእኛው አገር በ2011 ዓ.ም በመቱ አንዲት ተማሪ ከወለደች ከ30 ደቂቃ በኋላ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ፈተናዋን ወስዳለች። ሌላ ዓመት መጠበቅ አልፈለገችም። ብርታቷ የሚደነቅ ነው፤ በጤና ዓይን ግን ለሌሎች የሚመከር አይደለም። ከወሊድ በኋላ ለሞት የሚዳርግ የደም መፍሰስ በአብዛኛው የሚያጋጥመው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነውና። ፈተናው ወደ አልጋዋ መሄዱ መልካም ማመቻቸት ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌላ ቀን ቢኖራት ደግሞ ይበልጥ መልካም ነበር።

ሌላ ቀን መስጠትም የማይቻል ነገር አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የ2013 ዓ.ም ፈተና ያመለጣቸው የአማራና የአፋር ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም በሁለተኛ ዙር ተፈትነዋል። ጦርነት ላስቀረው ተማሪ ሁለተኛ ዙር ከተዘጋጀ፣ ምጥ ወይም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ላስቀረውም በሐኪም ማስረጃ ተመሳሳይ ዕድል ቢከፈት ፍትሐዊ ይሆናል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በትምህርት ዘርፍ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያስገድዳል።

እስከዚያው ግን ከእናንተ ምን ይጠበቃል?

ሕመምን አትደብቁ። በተለይ የሚጥል በሽታን “ሰው ይሰማብናል” ብሎ መሸሸግ ልጁን ለአደጋ ያጋልጣል። ቢያንስ ርዕሰ መምህሩና አብሮት የሚያድር አንድ ጓደኛው ይወቁ።

የሕክምና ማስረጃውን አስቀድማችሁ ያዙ። ማስረጃው “ታሟል” ብቻ ካለ ብዙ አይረዳም። የሚያስፈልገውን በግልጽ ይናገር፦ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ፣ በፈተና መካከል ምግብ መቅመስ፣ መጸዳጃ ቤት መመላለስ፣ የመስሚያ መሣሪያ ወይም የደም ስኳር መለኪያ መያዝ። ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ስጡ፤ ሌላውን ተማሪው ይያዝ። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በፍተሻ ስለሚያዝ አስቀድሞ ማሳወቅ ግድ ነው።

መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ ከፈተናው ቀናት ለአንድ ሳምንት የሚተርፍ አድርጋችሁ ስነቁለት። ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ። የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት የለበትም፤ የእንቅልፍ እጦት ሕመሙን ይቀሰቅሳል። አስም ያለበት የሚነፋውን መድኃኒት ከኪሱ አይለይ፤ የሐምሌን ብርድ የሚችል ልብስም ይያዝ።

የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 በመሆኑ ፈተናው ከጾሙ ጋር ሊገጥም ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ተማሪና ነፍሰ ጡር ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ስኳር ሕመም ያለበት ተማሪ ስኳር ወይም ከረሜላ ይያዝ፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ሲሰማው ሳይዘገይ ይውሰድ።

ጓደኛው በሚጥል በሽታ የወደቀ ተማሪ ደግሞ በጎኑ ያስተኛው፤ ከራሱ በታች ልብስ ያድርግለት። ክብሪት ማሽተት፣ አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ እጅና እግር ይዞ መታገል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ነፍሰ ጡር ተማሪ የክትትል ካርዷን ትያዝ። ደም ከፈሰሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ከያዛት፣ ዓይኗ ከጋረዳት ወይም የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰ ፈተናውን ትታ ወደ ጤና ባለሙያ ትሂድ።

በመጨረሻም፣ በፈተናው መካከል የታመመ ተማሪ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሂድ። ለፈታኙ ወይም ለጣቢያው ኃላፊ ይናገር፤ በክሊኒክ ይታይ፤ የታየበትን ቀንና ሰዓት የያዘ ወረቀት ይቀበል። በኋላ አቤቱታ ቢኖረው የሚናገርለት ያ ወረቀት ነው።

ፈተና በሌላ ቀን ይሰጣል፤ ሕይወት ግን ሁለተኛ ዙር የላትም። ለተፈታኞች ሁሉ ጤናና መልካም ውጤት እንመኛለን።